በጋለ አስፋልት ላይ በባዶ እግር ስለ መሮጥ

የሰው እግር የሰውነትን ክብደት ሁሉ ተሸክሞ ከልጅነት እስከ እርጅና የሚያገለግል ታማኝ ሎሌ ነው። ይሁን እንጂ በየማለዳው ፊታችንን እየታጠብን፥ ከምግብም በፊት እጃችንን እያነጻን፥ ይህን አገልጋያችንን የምናስታውሰው ሲታመም ብቻ ነው። በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ እግር ጤንነት በጠቅላላው ለመናገር አላሰብንም። ስለ አንድ ነገር ብቻ፥ ይኸውም በፀሐይ በጋለ አስፋልት ላይ በባዶ እግር መሮጥና መቆም ስለሚያመጣው ጉዳት፥ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ልናስረዳ እንወዳለን።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። «አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ተራራ ወጥተው፥ ቆላ ወርደው ኖረዋል፤ እኛስ ምን እንሆናለን?» የሚል ቃል በየጊዜው እንሰማለን። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። አያቶቻችን የረገጡት አፈርን፥ ሣርንና ድንጋይን ነበር እንጂ አስፋልትን አልነበረም። ከዚህም በላይ በቀትር ሰዓት መንገደኛው ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ፥ ከብቱም ተመስጎ፥ ፀሐይ ሲበርድ ጉዞ ይቀጠል እንደ ነበር ሽማግሎች ያውቁታል። እኛ ዛሬ መንገዱን ለውጠናል፤ ሰዓቱንም ለውጠናል። ያልተለወጠው የእግራችን ቆዳ ብቻ ነው።

የአበበ ቢቂላ ምሳሌ

ስለ ባዶ እግር ሩጫ በተነሣ ቁጥር የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም አብሮ ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1960፥ የእኛ ዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነው ዕለት፥ የክብር ዘበኛው ወታደር በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ተወላጅ ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ይህ ድል ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ለኢትዮጵያ የተሰጠ ታላቅ ክብር ነበር፤ የሚዘነጋም አይደለም።

ነገር ግን ተማሪዎቻችን ከዚህ ታሪክ ግማሹን ብቻ ሰምተው ግማሹን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ እንሠጋለን። ውድድሩ የተጀመረው በቀትር ሳይሆን በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ሰዓት የመረጡት የሮማን የበጋ ሙቀት ለመሸሽ ነው። ሩጫው ከካፒቶሊኖ ኮረብታ ተነሥቶ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ አልፎ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ሲፈጸም ጨልሞ ነበርና፥ የኢጣልያ ወታደሮች በመንገዱ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ስለዚህ አበበ የረገጠው ቀኑን ሲግል ውሎ እየበረደ የሚሄድ ድንጋይና አስፋልት ነበር እንጂ የቀትር ምጣድ አልነበረም።

ጫማ ሳያደርግ የሮጠውም ጫማን ንቆ አይደለም። በዚያን ጊዜ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸውና ቀድሞም በባዶ እግር መሮጥን ስለ ተለማመደ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ በተደረገው ውድድር ይኸው አበበ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛም አሸነፈ። እንግዲህ የአበበን አርአያ ለመከተል የሚወድ ተማሪ ትጋቱን፥ ልምምዱንና ታዛዥነቱን ይከተል፤ ሰዓቱንም አብሮ ይመልከት።

አስፋልት ስለ ምን እንዲህ ይግላል?

ጥቁር ነገር የፀሐይን ጨረር አብዝቶ ይቀበላል፤ ነጭ ነገር ግን አብዝቶ ይመልሳል። ይህን ጥቁርና ነጭ ጨርቅ በፀሐይ ላይ አስጥቶ፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእጅ በመዳሰስ ማንም ተማሪ ሊመረምረው ይችላል። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ከሚያርፍበት የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚመልሰው ከመቶው 5 እጅ ያህሉን ብቻ ሲሆን የቀረውን በውስጡ ያከማቻል። ሣርና እርጥብ አፈር ውኃቸውን እያተነኑ ራሳቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ አስፋልት ግን የሚያተነው ውኃ ስለ ሌለው የተቀበለውን ሙቀት ሁሉ ይዞ ይውላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአየሩ ሙቀትና የመንገዱ ሙቀት አንድ ይመስለዋል። በራዲዮ የሚነገረው የሙቀት ልክ በጥላ ውስጥ የተለካው የአየር ሙቀት ነው፤ የእግራችን ጫፍ የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ አገር በ1970 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ መለኪያ እንደሚያሳየው፥ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበትና ነፋስ በሌለበት ቀን አየሩ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አስፋልቱ ወደ 52 ዲግሪ ደርሷል፤ አየሩ 30 ወይም 31 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ አስፋልቱ ከ57 እስከ 62 ዲግሪ ሆኗል። 25 ዲግሪ ማለት በአዲስ አበባ በበጋ ወራት የሚደረስበት ሙቀት ነው። ስለዚህ ነገሩ የቆላ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ደገኛው ሊዘናጋ አይገባውም።

ወደ ቆላ ከወረድን ደግሞ ነገሩ ይበረታል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። በመተማና በሑመራ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። «ክረምት» የሚለው ቃል ለደገኛው ዝናብና ጭቃ ማለት ቢሆንም፥ በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ግን በእነዚሁ በሰኔና በሐምሌ ወራት ሙቀቱ የሚጸናበት ጊዜ ነው። በድሬዳዋም እንዲሁ ሰኔ ከሙቅ ወራት አንዱ ነው። እንግዲህ የትምህርት ቤት የሰዓት ድልድል ለአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ የየቦታውን አየር ተመልክቶ መወሰን የዲሬክተሩ ፈንታ ነው።

በዓለም እጅግ ከሚሞቁት ከተሞች አንዷ በአሜሪካ በአሪዞና ክፍል ያለችው ፊኒክስ ናት። በ2023 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በበጋው ወራት ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሰነበተ። በዚያች ከተማ የመንገዱ ሙቀት ከ70 ዲግሪ ያልፋል፤ በየበጋውም መንገድ ላይ በመውደቅ ወይም በባዶ እግር በመርገጥ ብቻ የተቃጠሉ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ይገባሉ። ሀብትና መኪና በሞላበት ከተማ ይህ ከሆነ፥ ልጆች በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት አገር ጥንቃቄው ምን ያህል ሊበልጥ እንደሚገባ አስተዋይ ሰው ይገምታል።

የቀለም ነገር ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ አንድ መልካም ምሳሌ በመካ ይገኛል። በታላቁ መስጊድ በካዕባ ዙሪያ የተነጠፈው ከግሪክ አገር ከታሶስ ደሴት የመጣ ነጭ እብነ በረድ ነው። ይህ ድንጋይ የፀሐይን ጨረር አብዝቶ ስለሚመልስ ምእመናን በባዶ እግራቸው በቀን እንኳ ሊዞሩበት ይችላሉ። ነገር ግን ከዚያ ነጭ ድንጋይ ወጥተው ጫማቸው የጠፋባቸው ሐጃጆች በሌላው መንገድ ላይ ሲሄዱ ውስጥ እግራቸው እንደሚቃጠል ሐኪሞች ጽፈዋል። ፀሐይቱ አንዲት ናት፤ ልዩነቱ ከእግር በታች ያለው ነገር ነው።

ውስጥ እግር ምን ያህል ሊታገሥ ይችላል?

ሙቀት ቆዳን የሚያቃጥለው በሁለት ነገሮች መጠን ነው፤ አንደኛው የሙቀቱ ብርታት ሲሆን ሁለተኛው የንክኪው ጊዜ ርዝመት ነው። በ1947 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ይህን በጥንቃቄ መርምረው ነበር። በምርመራቸው መሠረት 44 ዲግሪ የሆነ ሙቀት ተራውን ቆዳ ለማቃጠል 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ 49 ዲግሪ ግን ወደ 10 ደቂቃ፥ 55 ዲግሪ ግማሽ ደቂቃ ያህል፥ 60 ዲግሪ ደግሞ 5 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። አንባቢ ሆይ፥ ከ44 እስከ 60 ያለው ልዩነት 16 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ጊዜው ግን ከ6 ሰዓት ወደ 5 ሰከንድ እንደ ወረደ ልብ ማለት ይገባል። «ትንሽ ጨመር ቢል ምን ይሆናል?» የሚለው አነጋገር በዚህ ነገር አይሠራም።

እርግጥ ነው፥ የውስጥ እግር ቆዳ ከሌላው የሰውነት ቆዳ እጅግ የወፈረ ስለሆነ፥ አስፋልትም እንደ ፈላ ውኃ ሙቀቱን ፈጥኖ ስለማያስተላልፍ፥ ጊዜው ከዚህ ይረዝማል። በባዶ እግር መሄድ የለመደ ሰው ቆዳው የጠነከረ መሆኑም እውነት ነው። በ2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በኬንያ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፥ በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች የውስጥ እግራቸው ቆዳ የወፈረና የጠነከረ ቢሆንም የመዳሰስ ስሜታቸው አልቀነሰም። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የጠነከረ ቆዳ እሾህንና ጠጠርን ይመክታል፤ ሙቀትን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሕመም ሲሰማ ግን ነርቮቻችን «ተነሥ፥ ሽሽ» ብለው የሚልኩት ታማኝ መልእክት ነውና፥ በጀግንነት ስም ሊናቅ አይገባውም።

ከመሮጥ ይልቅ መቆም ይከፋል

አሁን መምህራን በተለይ እንዲያስተውሉት ወደምንፈልገው ነገር ደርሰናል። የሚሮጥ ሰው እግሩ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬትን የሚነካው ከሩብ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ከዚያም በአየር ላይ ሲሆን ጥቂት ይበርዳል። ሆኖም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንዱ እግር 90 ጊዜ ያህል ስለሚያርፍ፥ ሲደማመር 20 ሰከንድ ያህል በመሬት ላይ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ ሯጩ በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም ሳይሰማው ቆይቶ በኋላ ቃጠሎው ይጀምረዋል፤ ላብ ያለሰለሰውም ቆዳ በፍትጊያ ብዛት ቶሎ ውኃ ይቋጥራል።

የቆመ ሰው ግን ዕረፍት የለውም። ሙቀቱ ያለ ማቋረጥ ይገባበታል። እንግዲህ ልጆችን በቀትር በአስፋልት ላይ በባዶ እግራቸው አሰልፎ ትእዛዝ ማሰማት፥ የስም ዝርዝር መጥራት፥ ወይም ሽልማት እስኪሰጥ ድረስ አቁሞ ማቆየት ከሩጫው ይልቅ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ልጅ ደግሞ በጓደኞቹ ፊት እንዳይታፈርበትና መምህሩንም እንዳያስቀይም ሲል ሕመሙን ውጦ ይቆማል። ዝምታው ደኅንነት አይደለም።

ከቆላ ከተሞች በአንዲቱ ስንሠራ ያየነው አንድ ነገር ይህን ያስረዳል። ዕድሜው 12 ዓመት የሆነ ተማሪ በሩጫ ውድድር ሦስተኛ ወጥቶ፥ ሽልማቱን ለመቀበል ከጓደኞቹ ጋር በአስፋልቱ ላይ ቆሞ ቆየ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ ውኃ ቋጥረው ነበር። አያቱ በርኅራኄ ብዛት ቅቤ ቀቡለት፤ ውኃውንም በመርፌ አፈረጡለት። በሦስተኛው ቀን ታዝሎ ወደ እኛ ሲመጣ ቁስሉ መግል ይዞ ነበር። «ጫማ የለህም ወይ?» ብለን ብንጠይቀው፥ «አለኝ፥ ጋሼ፤ ግን ለፋሲካ የተገዛልኝ ስለሆነ እንዳያልቅብኝ ብዬ በእጄ ይዤው ነበር» አለን። ልጁ እግሩ ድኖ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ።

ይህን ልጅ ቸልተኛ ልንለው አንችልም፤ እንዲያውም ቆጣቢና አስተዋይ ልጅ ነው። ወላጆቹ ለጫማው የከፈሉትን ዋጋ አውቋል። ያላወቀው ነገር ቢኖር እግር ከጫማ እንደሚበልጥ ነው፤ ይህንንም ማስተማር የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። «ጫማህን ጠብቅ» ከማለት አስቀድሞ «በጫማህ እግርህን ጠብቅ» ማለት ይገባል።

አብልጠው የሚጠነቀቁ ሰዎች

ከላይ ሕመም ታማኝ መልእክተኛ ነው ብለናል፤ ይህ መልእክተኛ የሌላቸው ሰዎች ግን አሉ። የስኳር በሽታ ብዙ ዓመት የቆየባቸው ሰዎች የእግራቸው ነርቭ ይደክማል፤ የሥጋ ደዌ የያዛቸውም ሰዎች እንዲሁ የእግራቸው ስሜት ይጠፋል። እንደነዚህ ያሉት ሰዎች በጋለ መንገድ ላይ ሲሄዱ ምንም ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ፤ መቃጠላቸውንም የሚያውቁት ማታ ቁስሉን ሲያዩ ነው። ስሜት የሌለው እግር ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ መቈረጥ ያደርሳል። ስለዚህ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከቤቱ በረንዳ እስከ ግቢው በር ድረስ እንኳ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ማታ ማታም ውስጥ እግሩን በመስታወት ይመልከት፥ ወይም ልጁን «እስቲ እየኝ» ይበል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ጫማ ማውለቅ የግድ ሲሆን፥ ጠዋት ወይም ማታ መሄድን፥ በጥላና በምንጣፍ ላይ መቆምን ይምረጥ።

ሕፃናትም ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ፈጥነው ይቃጠላሉ። ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን በጋለ መሬት ላይ ሲቆም ሸሽቶ ማምለጥን አያውቅም፤ ባለበት ቆሞ ያለቅሳል። በፀሐይ የዋለ ቆርቆሮና የመንገድ ላይ የብረት ክዳን ደግሞ ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ ከአስፋልት ይልቅ ቶሎ ያቃጥላል። በአንዳንድ የጨዋታ ሜዳ ላይ የሚነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣርም አረንጓዴነቱ ያታልላል እንጂ በፀሐይ ጊዜ እንደ አስፋልት ወይም ከዚያ በላይ ይግላል።

ቃጠሎ ከደረሰ ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ፤ የተጎዳውን ሰው ወዲያው ከጋለው ቦታ አንሥቶ ወደ ጥላ መውሰድ። እንዲራመድ አያስገድዱት፤ ይሸከሙት።

2ኛ፤ እግሩን በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። 20 ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነውና በሰዓት ይለኩት። የቧንቧ ውኃ በሌለበት ቦታ በጆግ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ወይም እግሩን በሳፋ ውኃ ውስጥ መንከርና ውኃው ሲሞቅ መለወጥ ይቻላል። በረዶ ግን አያስነኩት፤ የተጎዳውን ሥጋ መልሶ ይጎዳዋልና።

3ኛ፤ ቅቤ፥ የእንቁላል አስኳል፥ የጥርስ ሳሙና፥ የቡና ዱቄት፥ አመድ ወይም ቅጠል አይቀቡበት፥ አይነስንሱበት። እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን በውስጥ ያፍናሉ፥ ወይም በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን ያገቡበታል፤ ሐኪሙም ቁስሉን አይቶ እንዳይፈርድ ይሸፍኑበታል።

4ኛ፤ የቋጠረውን ውኃ አያፈርጡ። ያ ስስ ቆዳ ቁስሉን የሚሸፍን ተፈጥሮ የሰጠችን ንጹሕ ፋሻ ነው። አልቦ ወይም የጣት ቀለበት ካለ እግሩ ሳያብጥ ያውልቁለት።

5ኛ፤ ቁስሉን በታጠበና በንጹሕ ጨርቅ ልል አድርገው ሸፍነው፥ እግሩን ከፍ አድርገው፥ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በእግር ላይ የደረሰ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት መቼ እንደ ተወጋም ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሙቀት በሰውነት ላይ

በጋለ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው የሚጎዳው በእግሩ ብቻ አይደለም። ከላይ ፀሐይ፥ ከታች አስፋልት፥ ከውስጥ ደግሞ የሚሠራው ጡንቻ ያሞቁታል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናው በላብ ነው፤ ላብ መትነን ሲሳነው የውስጥ ሙቀት እየጨመረ ይሄዳል። በ1912 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በስቶክሆልም ከተማ በብርቱ ፀሐይ በተደረገው የማራቶን ውድድር ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በመንገድ ላይ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። ከፀሐይ ይከላከልልኛል ብሎ ሰውነቱን በቅባት ለብጦ እንደ ነበርና ይህም ላቡን እንዳገደበት ይነገራል። በ2019ም በዶሃ ከተማ የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ በእኩለ ሌሊት ቢጀመርም፥ ከተነሡት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም የቀትሩን ጉዳት ስላወቁ፥ ለምሳሌ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች፥ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቀትር ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትን በሕግ ከልክለዋል።

የሚሮጥ ልጅ ራሱን ካዞረው፥ ካቅለሸለሸው፥ ወይም ቁርጠት ከያዘው ወዲያው ሩጫውን አቁሞ በጥላ ይረፍ፥ ውኃም ይጠጣ። ንግግሩ ከተሳከረ፥ ግራ ከተጋባ ወይም ከወደቀ ግን የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ይችላልና ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በዚህ ጊዜ ልብሱን አላልተው መላ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ ያርግቡለት፤ መኪና እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አያቋርጡ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይስጡ።

ከደጋ ወደ ቆላ ለውድድር የሚወርዱ ተማሪዎችም ሰውነታቸው ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚያስፈልገው መታወቅ አለበት። ትናንት ከደብረ ብርሃን ብርድ የተነሣን ልጅ ዛሬ በድሬዳዋ ቀትር ማስሮጥ ተገቢ አይደለም።

ለመምህራንና ለወላጆች የምናቀርበው ምክር

የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት በሙቀት ወራት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቢሆን መልካም ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ በአስፋልት ላይ በባዶ እግር ማስሮጥም ሆነ ማሰለፍ ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። አስፋልት ቀትር ካለፈ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ፥ «ፀሐይዋ አዘንብላለች» ተብሎ በዐይን ብቻ መፍረድ አይበቃም።

መምህሩ በሰዓቱ የማይረጋ ቢሆን አንድ ቀላል መመርመሪያ እንሰጠዋለን። የእጁን ጀርባ በመንገዱ ላይ አኑሮ ቀስ እያለ እስከ ሰባት ይቍጠር። ሳይቸገር ሰባት ከደረሰ ይሁን፤ ሳይደርስ እጁን ለማንሣት ከተገደደ ግን ያ መንገድ ለልጆች ባዶ እግር አይሆንም። ይህን መለኪያ ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሁሉም መምህር ይዞት ይዞራል።

ከአስፋልት ይልቅ ሣር ያለበት ሜዳ ወይም የዛፍ ጥላ ያረፈበት አፈር ይመረጥ። ለመሰለፊያ የሚሆን ቦታ ላይ ዛፍ መትከል ለመጪዎቹ ተማሪዎች የሚተርፍ ሥራ ነው። ጫማን በተመለከተ ውድ መሆን የለበትም፤ ሸራ ጫማም ይሁን በረባሶ ከሙቀት ይከላከላል። ኮንጎ ጫማ የሚያደርጉ ልጆች ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚሞቅ ካልሲ ቢያደርጉበት ይሻላል። ጫማ ከሙቀት ሌላ ከሙጀሌ፥ ከመንጠቆ ትልና በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ ከሚመጣው የእግር ዝሆኔ ይጠብቃልና፥ ለጫማ የወጣ ገንዘብ እንደ ባከነ አይቆጠር። ጫማ የሌለው ተማሪ ቢኖር በሰው ፊት ሳያሳፍሩ ወላጅ ኮሚቴው እንዲረዳው ማድረግ የመምህሩ ብልሃት ነው፤ እስከዚያውም ድረስ ያ ልጅ በሣሩ ላይ ይሩጥ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ያስተማሩን ምክር እዚህ ላይ በቃሉ እንዳለ ይሠራል። የተቃጠለ እግር ለማዳን ሳምንታት፥ መድኃኒትና የብዙ ሰው ድካም ያስፈልጋል፤ እንዳይቃጠል ለማድረግ ግን የሰዓት ድልድልን ማስተካከልና የእጅን ጀርባ መሬት ላይ ማኖር ይበቃል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ መምህር ነገ ጠዋት ለተማሪዎቹ እንዲያነብላቸው፥ ዲሬክተሩም የሰውነት ማጠንከሪያውን ሰዓት አንድ ጊዜ ተመልሶ እንዲመለከተው በአክብሮት እንጠይቃለን።